«በጣም ርካሹን ቴፕ ድራይቭ ግዛ» ላለው የኮምቦልቻ ወዳጄ

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ ስለ ባክአፕ፣ ማለትም ስለ ፋይል መጠባበቂያ ኮፒ፣ የጻፈውን ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም «አንተ ሁልጊዜ ስለ ቴፕ ታወራ የለ፣ ይኸው ቢጤህን አገኘህ» እያሉ። አነበብኩት። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ቡና አስፈልቼ እንደገና አነበብኩት። ይሄን ምላሽ የምጽፈው ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ነው። ቁጣው በርዷል፣ ነገሩ ግን አልበረደም።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይሄ ነው። ወሎ ውስጥ ያለን ቪዲዮ ቤቶች፣ ፎቶ ቤቶችና የሕንፃ ዲዛይን ቢሮዎች ሥራችንን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ማጠራቀም ትተን ለወርክስቴሽናችን፣ ማለትም ለሥራ ኮምፒውተራችን፣ ሰው የተጠቀመበት ቴፕ ድራይቭ እንግዛ፤ ፋይልን እንደ ካሴት በተጠቀለለ ቴፕ ላይ የሚጽፈውንና የሚያነበውን መሣሪያ። የምንገዛውም ገበያ ላይ ካለው ሁሉ በጣም ርካሹን ይሁን። «ቴፕ ሁሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው» ይላል ቃል በቃል። ከዚያ ምክሩን አንድ በአንድ ይደረድራል።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቪዲዮ ቤት አለኝ። ሰርግ፣ ምረቃ፣ አንዳንዴም የድርጅት ሥራ እንሠራለን። ቴፕ መጠቀም ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ቴፕ ይጠቅማል በሚለው አልጣላህም። የምጣላህ «ርካሽ» በምትላት ቃል ነው። ድራይቩ በስንት ተገዛ የሚለው የጥያቄው ሩብ ነው። ቀሪው፣ ይሄ ድራይቭ የሞተ ቀን ካርትሪጆቼን፣ ቴፑ ያለባቸውን ካሴቶች፣ የሚያነብልኝ ሌላ ድራይቭ ከየት አመጣለሁ የሚለው ነው። ይሄን ሳያስብ የገዛ ሰው ዕዳውን አስተላለፈ እንጂ በርካሽ አልገዛም።

እኩያዬ ስለሆንክ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ። አትቀየመኝ።

መጀመሪያ ልክ የሆንክበትን ልቀበል። «ክላውድ ላይ ጫን የሚሉህን አትስማ» ብለሃል። እሺ። የመጫኛው ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆንና ቀን ከሌት ሳይቆራረጥ ቢሠራ እንኳ አንድ ቴራባይት ለመላክ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ሳይቆራረጥ ያልኩት ለሒሳቡ ነው እንጂ አንተም እኔም እናውቀዋለን። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የሞባይል ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ ሥራውን ክላውድ ላይ የሰቀለ ሰው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ፋይሉ ደመና ላይ፣ እሱ መሬት ላይ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለካ ለዚህ ነው።

ቴፕ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ አይደለም ማለትህም ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጂሜይል ላይ በተፈጠረ የሶፍትዌር ስህተት የአንዳንድ ተጠቃሚዎች የፖስታ ሣጥን ባዶ ሲሆን፣ ጉግል መልሶ ያመጣላቸው ከቴፕ ነው። ስህተቱ የተባዙትን ኮፒዎች ሁሉ ነክቶ ነበር፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ግን አልነካም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስም እንደዚያው ነው። ወርክስቴሽኑ ላይ እንደተሰካ ያለውን ኤክስተርናል ሁሉ ይበላል፣ ሣጥን ውስጥ ያለ ካርትሪጅ ላይ አይደርስም። እስከዚህ አብረን ነን።

አሁን ወደ ጠቡ።

«ኤልቲኦ-3 ድራይቭ በጣም ርካሽ ነው፣ ለጀማሪ እሱ ይበቃዋል።» አይበቃም። ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ኤልቲኦ ማለት አይቢኤም፣ ኤችፒና ሲጌት ተስማምተው ያወጡት የቴፕ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ አንዱ ካርትሪጅ 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። ሦስተኛው 400 ጊጋ ነው። አራተኛው 800 ጊጋ ሆነ፣ በ2010 የመጣው አምስተኛው 1.5 ቴራ፣ በ2012 ስድስተኛው 2.5፣ በ2015 ሰባተኛው 6፣ በ2017 ስምንተኛው 12፣ በ2021 ዘጠነኛው 18 ቴራ። የኋለኞቹ ድራይቮች አዲስ ሲሆኑ ዋጋቸው የእኔንም የአንተንም መሣሪያ ሁሉ ያሸጣል፣ እነሱን እንተዋቸው።

የእኔ ካሜራ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይቀርጻል። ይሄ በሰዓት 45 ጊጋባይት ማለት ነው። ሦስት ካሜራ እያንዳንዱ አራት አራት ሰዓት ቢቀርጽ የአንድ ሰርግ ጥሬ ቀረጻ 540 ጊጋ ይደርሳል። ኤልቲኦ-3 ላይ አንድ ሰርግ አንድ ካርትሪጅ አይሞላም ብለህ ነበር፤ እንኳን ሊተርፍ፣ ሙሽሪት ከቤት ወጥታ አዳራሽ ሳትደርስ ካርትሪጁ ያልቃል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ኤልቲኦ-3 ድራይቮች የሚሠሩት ስካዚ በሚባለው የድሮ ማገናኛ ነው። ያንን ወፍራም ገመድና ካርድ ዛሬ ለሚሸጥ ወርክስቴሽን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ድራይቭ ደግሞ የቀረውን ጉልበት ማንም አያውቅም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ኤልቲኦ ድራይቭ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ ከራሱ ሌላ ሁለት ትውልድ ወደኋላ ያነባል፣ አንድ ትውልድ ወደኋላ ይጽፋል። ስለዚህ የኤልቲኦ-3 ካርትሪጅህን ሊያነቡ የሚችሉት 3፣ 4 እና 5 ብቻ ናቸው። ስድስተኛው አያውቀውም። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ሕጉ ጠበበ፤ ከራሱ ሌላ የሚያነበው ሰባተኛውን ብቻ ነው፣ ዘጠነኛውም ስምንተኛውን ብቻ።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ ቁጠርልኝ። በኤልቲኦ-5 የተጻፈ ካርትሪጅን 5፣ 6 እና 7 ያነቡታል። በኤልቲኦ-6 የተጻፈውን 6 እና 7 ብቻ። ገራሚ ነው አይደል? አዲሱ ካርትሪጅ ከአሮጌው ያነሰ አንባቢ አለው። እኔ ለዚህ ነው ኤልቲኦ-6 ድራይቭ ገዝቼ ብዙውን ጊዜ የምጽፈው ኤልቲኦ-5 ካርትሪጅ ላይ የሆነው። ካርትሪጁ ርካሽ ነው፣ ድራይቩ ይጽፍበታል፣ የእኔ ድራይቭ ቢሞት የሦስት ትውልድ ድራይቭ ሊያነብልኝ ይችላል። ኤልቲኦ-5 ድራይቭ ብቻ ካገኘህም አብሽር፣ ያው ነው።

አምስተኛው ላይ የምጸናበት ሌላም ምክንያት አለ። ኤልቲኤፍኤስ የሚባለው አሠራር የመጣው ከእሱ ጋር ነው። ከእሱ በፊት ቴፕ ላይ ያለህን ለማየት ያው የጻፍክበት የባክአፕ ፕሮግራም ያስፈልግሃል። በኤልቲኤፍኤስ ግን ካርትሪጁን ስታስገባ እንደ ፍላሽ ፎልደሩ ይከፈትልሃል። ባለፈው አንዲት ልጅ ከጅዳ መጥታ የሰርጓን ጥሬ ቀረጻ ጠየቀችኝ። የእናቷ ድምፅ ያለበትን ቁራጭ ነበር የፈለገችው፤ እኛ ስናቀናብር ቆርጠን የጣልነውን። ካርትሪጁን አስገባሁ፣ ፎልደሩን ከፈትኩ፣ ፋይሉን ጎተትኩ። ቴፑ 846 ሜትር ነውና ቦታው ላይ እስኪደርስ ደቂቃ ገደማ ጠበቅን። የኤልቲኦ-3 ባለቤት ብሆን ኖሮ ስንት ካርትሪጅ እቀያይር እንደነበር፣ ፕሮግራሙም አዲሱ ኮምፒውተሬ ላይ ይነሣ አይነሣ፣ አላህ ይወቀው።

«ኤልቲኦ-5 ካርትሪጅ ላይ 3 ቴራባይት ተጽፎበታል፣ ስለዚህ 3 ቴራ ይይዛል።» ወንድሜ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አትመን። 3 ቴራ የተባለው ድራይቩ ፋይሉን እየጨመቀ ሁለት እጥፍ ይይዛል ተብሎ ታስቦ ነው። ከስድስተኛው ትውልድ ጀምሮ ይባስ ብለው ሁለት ተኩል እጥፍ አሉት። ጽሑፍና ዳታቤዝ ይጨመቃል። ቪዲዮና ጄፔግ ፎቶ ግን ካሜራው ውስጥ ተጨምቆ ያለቀለት ነው፤ የተጨመቀን ሎሚ ሁለተኛ ጨምቀህ የምታገኘው ጭማቂ ያህል ነው የምታተርፈው። ለእኛ ሥራ ኤልቲኦ-5 ማለት 1.5 ቴራ ነው፣ ኤልቲኤፍኤስ ለማውጫው የሚይዛት ትንሽ ቦታ ተቀንሳ። በእኔ ልክ ሁለት ሰርግ ይገባል፣ ሦስተኛው ይቆረጣል። አንተ በ3 ቴራ አስበህ አምስት ሰርግ ብለህ ካርትሪጅ ብትገዛ ጥር ሳያልቅ ካርትሪጁ አልቆ ታገኘዋለህ።

«ማንኛውም ካርድ ይሠራል፣ ካልሆነም በዩኤስቢ መቀየሪያ ይሰካል።» እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ማውራት አለብኝ።

የመጀመሪያውን ድራይቭ የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ነው። ኤልቲኦ-5፣ ንጹሕ፣ ዋጋው ደግሞ ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ። «ቼክ የተደረገ ነው» አለኝ። ደሴ አምጥቼ ስገለብጠው ከኋላው የማውቀው፣ ቴፕ ድራይቭን ከወርክስቴሽን የሚያገናኘው የሳስ መሰኪያ የለም። ሁለት ትንንሽ ካሬ ቀዳዳ አለው፣ የብርሃን ገመድ የሚገባበት። ፋይበር ቻነል ነው። የትላልቅ ዳታ ሴንተሮች ነገር። ከዚያም ብሶ ድራይቩ ብቻውን እንዲሠራ የተሠራ አልነበረም፤ ቴፕ በሮቦት ከሚቀያይር ትልቅ ማሽን ውስጥ የተነቀለ ነው፣ ላይብረሪ ከሚሉት። የራሱ ሣጥን የለው፣ ማራገቢያ የለው። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነበር። ሻጩን ስደውል «ፋይበር ይሻላል፣ ፈጣን ነው» አለኝ። ለእሱ ፈጣን ነበር፣ ብሩን በአንድ ቀን ወሰደ። ድራይቩ እስከ ዛሬ የስቱዲዮዬን በር ደግፎ ይዟል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስትገዛ የድራይቩን የኋላ ፎቶ ጠይቅ። የፊቱን አይደለም፣ የኋላውን። ሳስ መሆኑን እይ። በሣጥን ያለ፣ የራሱ የኃይል መስጫ ያለው ኤክስተርናል ይሁን፤ የውስጡ ዓይነት የድሮው ሲዲ ማጫወቻ የሚገባበትን ሰፊ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ አሁን ያሉት ኬዞች ደግሞ ያ ቀዳዳ የላቸውም፣ ቢኖራቸውም አየር አያገኝም፣ ቴፕ ድራይቭ ሙቀት አይወድም። ካርዱ ተራ የሳስ ካርድ ይሁን፣ ኤችቢኤ የሚሉት። የሬይድ ካርድ ብዙውን ጊዜ ቴፕ አያውቅም፤ ሃርድ ዲስክ ነው የሚጠብቀው። እኔ የምጠቀመው ኤልኤስአይ 9200-8ኢ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢ» መሰኪያው በውጭ በኩል መሆኑን ትነግርሃለች። ገመዱ ኤስኤፍኤፍ-8088 ነው። ካርዱ የሚገባበት ነጻ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ቦታ ወርክስቴሽንህ ላይ መኖሩን ቀድመህ እይ፣ ግራፊክስ ካርዱ ሸፍኖት ይሆናል። ላፕቶፕ ይሄ ካርድ የሚገባበት ቦታ የለውም። የዩኤስቢ መቀየሪያ ያልከውንም እርሳው።

በዩኤስቢ የሚሠራ ዳት የሚባል ሌላ ዓይነት ቴፕ ድራይቭ አለ ብለሃል፣ አዎ አለ። ዳት 160 አንዱ ካርትሪጁ 80 ጊጋ ነው። የካሜራዬ ሚሞሪ ካርድ 128 ነው። አለፍኩት።

«ቴፕ ቀርፋፋ ነው፣ ማታ ለቀህው ተኛ።» ይሄን ሳነብ ነው ቡናው የቀዘቀዘብኝ። ቴፕ ቀርፋፋ አይደለም። ቀርፋፋው ቴፑን የሚመግበው ነው። ኤልቲኦ-5 በሰከንድ 140 ሜጋባይት ይጽፋል፣ ኤልቲኦ-6 ደግሞ 160። ካርትሪጁን ከዳር እስከ ዳር ለመሙላት ኤልቲኦ-5 ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ችግሩ ያን ያህል ዳታ ያለማቋረጥ የሚያቀርብለት ሲጠፋ ነው። ድራይቩ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፣ ዝቅ ማለት የሚችለው ግን በሰከንድ እስከ 40 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ካቀረብክለት ቴፑ ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ይቆማል። የሙያው ሰዎች ይሄንን ጫማ መጥረግ ይሉታል፤ ሊስትሮው ብሩሹን ወዲያና ወዲህ እንደሚያመላልሰው። ቴፑንም፣ ቴፑን የሚያነበውንና የሚጽፈውን ሄዱንም የሚጨርሰው ይሄ ነው። ድምፁን አንዴ ከሰማኸው አትረሳውም።

አንተ ደግሞ ጽሑፍህ ላይ ከአሮጌ የዩኤስቢ 2 ኤክስተርናል በቀጥታ ወደ ቴፕ ኮፒ አድርግ ትላለህ። እሱ በደህናው ቀን በሰከንድ 30 ምናምን ሜጋባይት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሊስትሮ ስታሠራ አድረህ ጠዋት «ቴፕ ቀርፋፋ ነው» ትላለህ። እኔ የማደርገው፣ የሰርጉን ፎልደር መጀመሪያ ወርክስቴሽኑ ውስጥ ያለ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ላይ አወርዳለሁ፣ ከዚያ ወደ ቴፕ። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶዎች ካሉ አንድ ትልቅ ፋይል አድርጌ አሥራቸዋለሁ፣ ነጠላ ነጠላ ሲሆኑ ያጓትታሉ።

ማታ ለቀህው ተኛ ስትልስ መብራት ኃይልን ተማምነህ ነው? እኔ ቀን ነው የምጽፈው፣ ዩፒኤስ በሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ተሰክቶ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ። ኤልቲኤፍኤስ ማውጫውን ቴፑ ላይ ሳይመዘግብ መብራት ከሄደ ካርትሪጁን መጠገኛ ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት አለብህ። ብዙ ጊዜ ይድናል፣ ግን ከሰዓትህን ይበላል። ድራይቩ ራሱ የሚበላው እንደ አንድ አምፖል ነው፤ ዩፒኤሱን የሚያደክመው ወርክስቴሽኑ ነው። ስለዚህ ትልቅ ዩፒኤስ ባይኖርህ እንኳ ጽሕፈቱን አቁመህ ካርትሪጁን በሥርዓት የምታወጣበት አሥር ደቂቃ የሚሰጥህ ይኑርህ።

«ዊንዶውስ ራሱ ባክአፕ አለው፣ ፕሮግራም አትግዛ።» አትግዛ የሚለው ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ዊንዶውስ በኤክስፒ ጊዜ ቴፕ ላይ የሚጽፍ ባክአፕ ነበረው፤ ከቪስታ ጀምሮ ቀርቷል። ለቴፕ ኤልቲኤፍኤስን ከድራይቩ አምራች በነጻ ታወርዳለህ፣ አይቢኤም፣ ኤችፒና ኳንተም ሁሉም አላቸው። ሊኑክስ የሚያውቅ ልጅ ካለህ ታር የምትባለው ትንሽ ፕሮግራም ራሷ በቂ ናት። አንድ ነገር ብቻ፦ ኤልቲኤፍኤስ ላይ ፋይል ብታጠፋ ቦታው አይለቀቅም። ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ ቴፑ እንደተያዘ ነው፣ ካርትሪጁን ሙሉ በሙሉ ፎርማት እስክታደርገው። እንደ ፍላሽ እየጻፍክ እያጠፋህ ልትጫወትበት ከሆነ የተሳሳተ ዕቃ ነው የገዛኸው።

ቀጥለህ ሁለት ነገር አስተማርክ። ሄዱን በየሳምንቱ በአልኮልና በጥጥ አጽዳ፤ ያገለገለ ካርትሪጅ ስትገዛ ደግሞ የድሮው ሰው ፋይል እንዲጠፋ ትልቅ ማግኔት አስጠጋበት። እነዚህን ሳነብ ካሴት ቤት ውስጥ ያደግን ልጆች መሆናችን ገባኝ። እኔም ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ካለ ካሴት ቤት እውል ነበር፣ ባቲና አምባሰል ቀኑን ሙሉ ሲጫወት፣ ባለቤቱ በጥጥ የቴፑን ሄድ ሲጠርግ፣ የተቆላለፈውን ካሴት በእርሳስ ሲያጠነጥን። የአልኮሉ ሽታ እስካሁን አለ አፍንጫዬ ላይ። ግን ያ ሌላ ቴፕ ነው። ኤልቲኦ ድራይቭ ውስጥ ጥጥ አይገባም። ጽዳቱ የሚካሄደው ለዚሁ በተሠራ የማጽጃ ካርትሪጅ ነው፣ አንዱ እስከ 50 ጊዜ ያገለግላል፣ የምታስገባውም ድራይቩ ራሱ ሲጠይቅህ ነው። በየሳምንቱ ካጸዳኸው ራሱን ሄዱን ነው የምትፍቀው።

ማግኔቱማ ጨርሶ ጥፋት ነው። የኤልቲኦ ቴፕ ላይ ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈ የመምሪያ መስመር አለ፤ ሄዱ በዚያች ጠባብ ቴፕ ላይ የቱ ጋ እንዳለ የሚያውቀው እሱን እየተከተለ ነው። ማግኔት ያን መስመር ከፋይሉ ጋር ያጠፋዋል፣ ድራይቭ ደግሞ መልሶ ሊጽፈው አይችልም። ካርትሪጁ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም። ምክርህን ሰምቶ አሥር ካርትሪጅ በማግኔት የፈጀ ሰው ካለ ካሣውን ሊቀበል አንተ ጋ ይምጣ። ያገለገለ ካርትሪጅ ፎርማት ማድረግ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከመግዛትህ በፊት ግን አወዛውዘው፣ የሚንኳኳ ነገር ካለ ተው፤ የቴፑን ጫፍ የምትይዘው ትንሽ ዘንግ ከቦታዋ ወጥታ ይሆናል። ወድቆ ያውቃል ማለት ነው።

«አንዴ ቴፕ ላይ ካስገባህ 30 ዓመት አትነካውም፣ ሃርድ ዲስኮችህንም ሸጠህ ገንዘብህን መልስ።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቴፕ ግን ካልተንከባከቡት ይለቃል። 30 ዓመት የሚባለው ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበት ከ20 እስከ 50 በመቶ በሆነበት ቦታ ለተቀመጠ ነው። እኛ ደሴዎች ብርዱ ይረዳናል፣ ጉሙ ግን አይረዳንም፤ ክረምት ጦሳ ተራራ ላይ የተኛው ጉም ቤት ድረስ ይገባል። ካርትሪጆቼን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር፣ እንደ መጽሐፍ አቁሜ ነው የማስቀምጣቸው። እናንተ ኮምቦልቻዎች ወደ 600 ሜትር ዝቅ ብላችሁ ነው ያላችሁት፣ የእናንተ ጣጣ ሙቀቱና አቧራው ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጠው ያልከው ምክር ለበርበሬ ይሆናል።

ደግሞም ቴፑ 30 ዓመት ቢኖር ድራይቩ አይኖርም። ከላይ ያልኩት የትውልድ ሒሳብ ለዚህ ነው። እኔ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ሰርግ ሲቀዘቅዝ፣ ከእያንዳንዱ ካርትሪጅ ጥቂት ፋይል አውጥቼ አጫውታለሁ። አሁን በተራዬ ልንገርህ፣ ባለፈው ዓመት አንዱ እምቢ አለኝ። አልደነገጥኩም፣ ሁለተኛ ኮፒ ነበረኝ።

ሃርድ ዲስክህን ሽጥ ያልከውን ግን በምንም አልምርህም። ፎቶ አንሺዎች 3-2-1 የሚሏት ልማድ አለች፣ አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ፒተር ክሮግ ነው ያስፋፋት። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ቴፕ ሁለተኛውን ዓይነት ያሟላልሃል እንጂ ሦስቱን አይተካም። አንዱ ሌላ ቦታ የምትለዋን እኛ ከተማ ውስጥ ለማንም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱን ሸሽቶ ቤቱን ዘግቶ የወጣ ሰው፣ ባክአፑን ከኮምፒውተሩ ጎን ያስቀመጠ ከሆነ ሲመለስ ሁለቱንም አላገኘም። የደንበኞቹ የአሥር ዓመት ሰርግ፣ የሞቱ ሰዎች ፊት፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። እኔ ቴፕ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ካርትሪጅ በኪስ ይያዛል።

አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ፣ ማን ቴፕ እንደማይገዛ። ያለህ ዳታ በጠቅላላ አምስት ስድስት ቴራ ከሆነ ቴፕ አትግዛ። ሁለት ጥሩ ሃርድ ዲስክ ግዛ፣ አንዱን አክስትህ ቤት አስቀምጥ፣ ጨርሰሃል። ቴፕ መርከስ የሚጀምረው ዳታው ሲበዛ ነው፤ ድራይቩን፣ ካርዱን፣ ገመዱንና ማጽጃውን አንዴ ትከፍላለህ፣ ከዚያ በኋላ የምትጨምረው ካርትሪጅ ብቻ ነው። ለእኔ ሒሳቡ መምታት የጀመረው ከ20 ቴራ ወዲህ ነው። ከ2016 ሐምሌ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ሲያልፍ ሃርድ ዲስኩም አብሮ ወጣ፣ ካርትሪጁም ወጣ፣ ግን ያገለገለ ካርትሪጅ በቴራባይት ሲታይ አሁንም ያነሰ ነው።

ድራይቭ ስትገዛ ደግሞ ሻጩ ፊት ካርትሪጅ አስገብተህ ጻፍበት፣ አውጣው፣ መልሰህ አስገብተህ አንብበው። የኤችፒ ከሆነ ላይብረሪ ኤንድ ቴፕ ቱልስ የሚባል ነጻ መመርመሪያ አለው፣ የአይቢኤም ከሆነ የራሱ አለው፤ የሄዱን ጤንነት ይነግርሃል። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለህ አንተም ብር የለህም።

በመጨረሻ ላንተ ለራስህ። ጽሑፍህ ላይ ሦስት ኤልቲኦ-4 ካርትሪጅ እንዳለህና ድራይቩ እንደሞተብህ በአንድ መስመር ጠቅሰህ አልፈሃል። እኔ ዘንድ ያለው ኤልቲኦ-6 ነው፣ አራተኛውን ያነባል። ይዘሃቸው ና፣ ፋይሉን አወጣልሃለሁ። ከታች ስታመጣቸው ወዲያው እንዳናስገባቸው ግን፣ የደሴን አየር እስኪለምዱ አንድ ቀን ያርፋሉ፣ አንተም አብረህ ታድራለህ። ስትመለስ የእኔን ሦስተኛ ኮፒዎች ሣጥኑን ይዘህልኝ ውረድ፣ የአንተን አዲሶቹን እኔ አስቀምጥልሃለሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ለሁለታችንም ይበቃናል። ከመስኮቱ አርቅልኝ ብቻ።